ሜዳው ሰፊ፣ ማረፊያው ጠባብ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር ሊነሳ የተንደረደረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መሬት በሚለቅበት ሰዓት የርግብ መንጋ ገባበት። ርግቦቹን ሁለቱም ሞተሮች ዋጧቸው። አብራሪዎቹ እንደ ምንም ከፍታ ይዘው፣ አውሮፕላኑን አዙረው ሊመለሱ ሲሉ ሁለቱም ሞተሮች ከዱ። ማኮብኮቢያው ላይ መድረስ እንደማይቻል ሲታወቅ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወርድ ገላጣ መሬት ላይ በሆዱ ተቀመጠ፤ እሳትም ተነሳበት። ከ98ቱ መንገደኞች 35ቱ ሞቱ፤ 63ቱ መንገደኞችና ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ተረፉ።

የሞቱትን ማሰብ ተገቢ ነው። የተረፉት 69 ሰዎች ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳሉ። ሞተር አልባ የሆነ ትልቅ አውሮፕላን የያዘ ሰው ቦታ የሚመርጥበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ትቶ ምን እንደሚይዝ የሚወስነው ድሮ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በአንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ የለመደው ነገር ነው። ርግብ ያን ዕለት ለማንም ትምህርት አልሰጠም፤ ትምህርቱ ካለ ቀድሞ ነበረ፣ ከሌለም የለም።

ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወረታ ይደረሳል፤ ከወረታ ወደ ጣና ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በአውሮፕላን የሄደ ሰው በመስኮት አይቶታል፦ ከጉና ተራራ ግርጌ ካሉት ሸንተረሮች በኋላ ድንገት ለጥ ያለ፣ ገደል የሌለው፣ እስከ ሐይቁ ዳርቻ የሚደርስ መሬት። እግዜር ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ የሠራው ይመስላል። ችግር ቢመጣ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል ያሰኛል። እኔ የምለው ግን ተቃራኒውን ነው። በጠባብ ቦታ ማረፍን ለማስተማር ከሰሜን ተራሮች ይልቅ ፎገራ ይሻላል፤ ምክንያቱም ተራራ ጠባብነቱን አይደብቅም፣ ፎገራ ግን ይደብቃል።

ጠባብ ቦታ ሲባል አብዛኛው ሰው ዙሪያውን በዛፍና በገደል የታጠረ ቁራጭ መሬት ይመጣበታል። ለአብራሪ ጠባብነት ከዚያ ሰፋ ያለ ነገር ነው። አውሮፕላኑ ከሚፈልገው ርቀት ጋር ሲተያይ መሬቱ ካነሰ ጠባብ ነው፤ የሚያንሰውም በርዝመቱ ብቻ ሳይሆን በጭቃው፣ በስንጥቁ፣ በከብቱ፣ በሽቦው፣ በአየሩ መሳሳት ጭምር ነው። ፎገራ ላይ እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ያውም በየወሩ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ከአየሩ ልጀምር። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ነው፤ ሜዳውም ከዚያ ብዙም አይርቅም። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ በደረሰበት ቀን፣ አየሩ በጣም ይሳሳል። የአውሮፕላኑ የፍጥነት መለኪያ የሚነበበው በሚገፋው አየር መጠን ስለሆነ መሳሳቱን ለአብራሪው አይነግረውም። መለኪያው 60 ኖት ሲያሳይ ጎማው መሬቱን የሚያገኘው 68 ወይም 69 ኖት በሚሆን ፍጥነት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ግን ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ የፍጥነቱን ካሬ ተከትሎ ይጨምራል፤ ስለዚህ በ30 በመቶ ገደማ ይረዝማል።

አሁን ሒሳቡን እንቀጥል። ለሥልጠና በብዛት የሚታወቀው ሴስና 172 በባሕር ጠለል፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ 15 ሜትር ከፍታ ያለው መሰናክል (አንድ ያደገ ባሕር ዛፍ በሉት) አልፎ ወርዶ እስኪቆም 400 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በፎገራ አየር 30 በመቶ ጨምሩበት። የብሪታኒያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለትናንሽ አውሮፕላኖች ባወጣው መመሪያ እርጥብ ሣር ማረፊያውን በ35 በመቶ ያስረዝማል፤ ፍጥነቱ ከሚገባው በ10 በመቶ ካለፈ ደግሞ ሌላ 20 በመቶ ይጨመራል። ሦስቱ ሲባዙ 400 ሜትሩ ወደ 850 ሜትር ይጠጋል። በ10 በመቶ ማለፍ ደግሞ የሰነፍ አብራሪ ስህተት አይደለም። የፈራ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሲፈሩ አፍንጫ ይወርዳል፣ ፍጥነት ይጨምራል።

አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አብራሪ ስለ ቀጭን አየር የሚማረው ከማንም በፊት ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የሚገኘው፤ ከወረታ እንኳ ከፍ ይላል። አውሮፓ የተማረ ሰው ተራራ ላይ ሲመጣ የሚደነግጥበት ነገር ለእኛ ተማሪ የመጀመሪያ ቀን እንግዳው ነው። ግን የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ይረዝማል። አንድ ሴስና እዚያ ላይ 300 ሜትር ዘግይቶ ቢያርፍ ማን ያውቅበታል? ቀጭኑ አየር ሥራውን ሠርቷል፤ ርዝመቱ ግን ሸፍኖታል። ተማሪው ያጠፋው ጥፋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያየው መጨረሻው የሚታይ መሬት ሲሰጠው ብቻ ነው።

ስፋቱም እንዲሁ ዓይን ያሳስታል። ሰፊ አስፋልት የለመደ ዓይን ቀጭን የሣር ማረፊያ ሲያይ ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። ስለዚህ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ከማረፊያው በፊት ያለው ባሕር ዛፍ ወይም የመብራት ሽቦ ይጠብቀዋል። ሽቦ ከላይ አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው። የወረታ መምህር ቢኖር ኖሮ ተማሪውን መጀመሪያ ምሰሶ እንዲቆጥር ያስገድደው ነበር።

ወደ መሬቱ እንውረድ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሐይቁም ሲያብጥ የሜዳው ትልቅ ክፍል ውኃ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ በ2012ም ክረምት ጎርፉ ተመልሷል። መስከረም ላይ ውኃው ይሸሻል፤ አረንጓዴው ግን ያታልላል፤ ከላይ ለጋ ሣር የሚመስለው ውኃ ውስጥ የቆመ ሩዝ ነው። ኅዳር አጨዳ ነው፤ ሜዳው ሙሉ ሰውና ክምር ይሆናል። ከዚያ እርጥበቱ ሳይጠፋ ጓያ ይዘራል፤ ፓምፕ ያለው ሽንኩርት ይተክላል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ዋልካው መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ከላይ ሲታይ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ መሬት ነው፤ ስንጥቁ ግን የትንሽ አውሮፕላን የፊት ጎማ ይይዛል። ዋልካ እንዲህ ነው፦ በክረምት ይውጣል፣ በበጋ ይነክሳል። ሸሸርና ወላላ ረግረጎች ዙሪያ በበጋ የሚሰፍሩት ሽመላዎችና ሌሎች ትላልቅ ወፎች ሲጨመሩ የባሕር ዳሩን ርግብ ማስታወስ የግድ ይሆናል።

ጠባብነቱን ከሁሉ በላይ ያመጣው ግን ሩዝ ነው፤ ይህን ነገር ስለ አውሮፕላን በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ያየሁት የለም። የፎገራ ሜዳ ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም ዝናዋ ከዚያ እርጥብ ግጦሽ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሩዝ ገባ፤ ኤክስ ጂግና የሚባለው ዝርያ ተወደደ፤ ማንም የማያርሰው ረግረግ እህል ሰጠ። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ ገበሬውም ሩዙን ነጭ ወርቅ ይለዋል። መልካም ነው። ውኃ ለመያዝ ግን እያንዳንዱ ማሳ በጭቃ ክትር ይከበባል። የወል ግጦሽ የነበረው ወጥ መሬት በየዓመቱ ወደ ትናንሽ ክትር የታጠሩ ማሳዎች ይቆራረሳል። ክትሩ ከጉልበት በታች ነው፤ ከ500 ሜትር ከፍታ ላይ ቀጭን መስመር ይመስላል። በ50 ኖት የሚሮጥ አውሮፕላን የፊት ጎማው እሱን ሲያገኝ ግን ይሰበራል፣ አውሮፕላኑም በጀርባው ይገለበጣል። አባቶች ለከብት የተዉት ሜዳ ሳይታሰብ ለአውሮፕላንም የተተወ ነበር፤ ልጆች ለሩዝ ሲከፋፈሉት ሁለቱም አጡት።

ታዲያ አስፋልቱስ? ወረታ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት፤ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ። ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ከላይ የሚያየውን ሁሉ ያስጎመጃል። ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ አህያ አለ፤ በጎኑ ደግሞ ሽቦ ተዘርግቷል። ጥሩ መምህር መንገድን የመጨረሻ ምርጫ አድርጎ ያስተምራል፤ የራስን ነፍስ ለማዳን የባጃጅ ተሳፋሪ ላይ መውረድ አይቻልምና።

ሥልጠናው በተግባር እንዲህ ይጀምራል። መምህሩ ድንገት የሞተሩን ኃይል ይቀንስና «ሞተርህ ጠፋ፤ የት ታርፋለህ?» ይላል። ተማሪው «እዚያ ካፒቴን፣ አረንጓዴው ላይ» ይላል። «ነፋሱ ከየት ነው?» ተማሪው ዝም። ያን ጊዜ ጭስ መፈለግን ይማራል፦ የጎጆ ጭስ፣ የተቃጠለ ገለባ፣ የውኃ ላይ ሞገድ። ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ሜዳው መምጣቱ አይቀርም፤ ይህን ያወቀ ተማሪ ጭስ ባያገኝም ግማሽ መልስ አለው። ሞተሩ እየሠራ አየሩ ሲበላሽ ወይም ነዳጅ ሲያሳስብ ደግሞ ጊዜ አለ፤ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በማረፊያው ጎን ማለፍ፣ ስፋቱን፣ ተዳፋቱን፣ ወለሉን፣ ዙሪያውን ማየት ይቻላል። ከዚያ አንድ የሚነካበት ነጥብ መምረጥ፣ ፍላፑን ሙሉ ማውጣት፣ ፍጥነቱን አንዴ ከያዙ ሳይለቁ መውረድ ነው።

እጅን ማሠልጠን ይህን ያህል ከባድ አይደለም። በአላስካዋ ቫልዴዝ በየዓመቱ በሚደረገው ውድድር አብራሪዎች ቀላል አውሮፕላናቸውን ከ10 ጫማ ባነሰ ርቀት ውስጥ አቁመው አሳይተዋል፤ ቪዲዮውን ያየ ወጣት ሁሉ ያን መሆን ይመኛል። እኔ ግን እነዚህ ቪዲዮዎች ስለ ሥራው የሚያስተምሩት ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ውድድሩ ላይ ነፋሱ ታውቋል፣ መሬቱ ታይቷል፣ ከብት የለም፣ አውሮፕላኑ ባዶ ነው። ፎገራ ላይ የሚፈተነው እጅ አይደለም፤ «ይቅር፣ ተመልሼ ልውጣ» የሚል አፍ ነው። መምህሩ ይህን እንዲያስተምር ለተማሪው አስቀድሞ አንድ መስመር ማስያዝ አለበት፦ ከዚያች ዛፍ በፊት ነጥቡ ላይ የማልደርስ ከመሰለኝ፣ አንድ በሬ እንኳ ከተነቃነቀ፣ ልጆች ወደ ማረፊያው መሮጥ ከጀመሩ ኃይል ሰጥቼ እወጣለሁ። ልጆቹ ደግሞ ይሮጣሉ፤ የት አገር ነው አውሮፕላን ሲወርድ የማይሮጥ ልጅ ያለው? የኔፓሏ ሉክላ 527 ሜትር ብቻ ርዝመትና ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ተዳፋት ያላት ማረፊያ ናት፤ መጨረሻዋ ተራራ ስለሆነ ከተወሰነ ነጥብ በኋላ መመለስ የለም። እዚያ የሚበር ሁሉ ያንን ነጥብ ማክበር አለበት።

ሞተሩ በእርግጥ ጠፍቶ ምርጫው የሩዝ ማሳ ብቻ ሲሆንስ? ያኔ አውሮፕላኑን ለማዳን መሞከር ይቅር። በክትሩ አቅጣጫ፣ ክንፉ አየር እስኪለቅ ድረስ በቀስታ፣ ጅራት ቀድሞ። ከመንካት በፊት ነዳጁ ይዘጋል፣ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፣ በሩም ፈታ ይላል፤ አካሉ ሲጣመም በሩ ተቆልፎ ይቀራልና። እንዲህ ያለው ማረፍ ሰውን ከነጭቃው ያወጣል፤ አውሮፕላኑን ግን የሚያወጣው አይሱዙ ነው።

ተማሪ ሁሉ የሚረሳው ሌላ ነገር ማረፍ ከመነሳት ማጠሩ ነው። በዚያው የብሪታኒያ መመሪያ 1,000 ጫማ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ለማረፍ 5 በመቶ፣ ለመነሳት ግን 10 በመቶ ይጨመራል። ስለዚህ ፎገራ ላይ በደህና ያረፉበት ሜዳ ሊያስነሳ እምቢ ሊል ይችላል። ጀግና ተብሎ ተጨብጭቦለት፣ ማታ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ክንፍ ስለመፍታት የሚነጋገር አብራሪ ሊኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም በረራችን የተጀመረው በዚህ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የነዳት ፖቴዝ፣ አዲስ አበባ ስታርፍ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪነታቸውን አስመሰከሩ። ለበጌምድር ሰው የአውሮፕላን ትውውቁ መራራ ነበር፤ ደብረ ታቦር ሆነው አገሩን ይገዙ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 በአንቺም ሲወድቁ ከላይ መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ የጣለው አውሮፕላን ነበር።

መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሲ 3 አውሮፕላኖቹ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ የሣርና የአፈር ማረፊያዎች ላይ ሲወርድ ሲወጣ ኖሯል። ደብረ ታቦር፣ ሞጣ፣ መካነ ሰላም ማረፊያ ነበራቸው። የላሊበላው ደግሞ ክረምት ሲገባ ይዘጋ ነበር፤ መዝጋትም የአበራረር ጥበብ ነው። የዲሲ 3 የኋላ ጎማ ለሻካራ መሬት ይመቻል፤ አብራሪውም ማረፊያውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በጠባዩ ያውቀው ነበር። በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ለአጭር ማረፊያ የተሠሩት ቱዊን ኦተሮች መጡ። አስፋልትም ተነጠፈ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ። ዛሬ የሚመላለሰው ኪው 400 ሣር አይፈልግም፤ ተማሪውም ከትንሿ አውሮፕላን ወደ ሲሙሌተር፣ ከሲሙሌተር ወደ መንገደኛ አውሮፕላን ይሻገራል። ዲሲ 3 ይመለስ የሚል ናፍቆት የለኝም፤ አስፋልቱ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ግን ከአስፋልቱ ጋር አንድ እውቀት በጡረታ ወጥቷል።

ያንን እውቀት ከሁሉ በላይ የኖረበት ሰው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይመስለኛል። በ1928 በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረ፣ ከነጻነት በኋላ ደብረ ዘይት ላይ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች ካሠለጠኑት ዋነኛው ነበር። በ1960ዎቹ ረሃብ ጊዜ ሸምግሎ ተመለሰ፤ ግን በዚያን ጊዜ ያመጣው ሐሳብ አለማረፍ ነበር። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ፣ ከረጢቱን መንደሩ ዳር ለቆ ይወጣ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በየሜዳው ያረፈ ሰው፣ ለዚያ ሥራ ማረፍ እንደማያዋጣ አወቀ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ ተገደለ። በ1977ቱም ረሃብ የብሪታኒያ ሄርኩለሶች ማረፍ በማይችሉበት ደጋ ላይ እህሉን ከዝቅታ ሲጥሉ ታይተዋል። ጎርፍ ለከበበው የፎገራ ቀበሌም ክረምት ላይ የሚደርስለት ጀልባና ሄሊኮፕተር ነው፤ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ከመጣ መምጣት ያለበት ለመጣል እንጂ ለማረፍ አይደለም።

በበጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንበጣና በግሪሳ ላይ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች፣ ለካርታ የሚበሩ፣ ተማሪ የያዙ፣ ከባሕር ዳር የሚነሱ ሁሉ ከሥራቸው ያለውን መሬት ማወቅ አለባቸው። የሚያውቀውም አለ፤ እረኛው። የትኛው ግጦሽ ሳይቆረስ እንደቀረ፣ የትኛው ዋልካ በጥር እንደሚሰነጠቅና የትኛው በመጋቢት፣ በሬ ትናንት የት እንደሰመጠ ያውቃል። በጫካ ማረፊያ የሚሠሩ አብራሪዎች አንድ የቆየ መፈተኛ አላቸው፦ ማረፊያው ላይ መኪና በፍጥነት ንዳበት፤ ከመቀመጫህ ካነሳህ አውሮፕላኑን አይችለውም። ወረታ ላይ ባጃጅ ይበቃል።

ገበሬው ለማይመጣ አውሮፕላን ሲል ሩዙን ይተው ማለት አይቻልም፤ ማንም ሊጠይቀው አይገባም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። ለበረራ ትምህርት ቤቶች ፎገራ ከባሕር ዳር የአጭር በረራ መንገድ ነው፤ ተማሪ ወስዶ «አሁን ጠፋብህ» ማለት፣ ከዚያ በማግስቱ ያው ተማሪ በእግሩ ሄዶ የመረጠውን አረንጓዴ እንዲረግጠው ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ አውሮፕላን፣ አንድ ትዕግሥተኛ መምህር፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜና በቀረው የወል ግጦሽ ላይ አንዳንዴ ለመውረድ የአንድ ቀበሌ ፈቃድ ነው። ከአራቱ የመጨረሻው ሳይከብድ አይቀርም።